ለምስክር የቀረችው ዓይን

ጋሽ ሃብቶም ማረፋቸውን የሰማሁት የመደቤን መዝጊያ ሳነሳ ነው። የደወለችው ልጃቸው ሰናይት ናት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራረገችና፣ «እትዬ ሙሉ፣ ሬሳ የሚያዘጋጁት ሰዎች ሳጥኑ ላይ የሚጻፍ ዕድሜ እየጠየቁኝ ነው። የቱን ልበላቸው?» አለች።

የመጀመሪያ ሥራዬ ግራና ቀኝ ማየት ሆነ። በዚያ ሰዓት ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ከሚያራግፈው አፍጋናዊ ጎረቤቴ በቀር ሰው የለም፤ እሱም አማርኛ አይሰማም። ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይሄ በስልክ አይወራም። እስክመጣ ምንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ሰውዬው ሞተዋል። ሊጠይቃቸው የሚመጣ የለም። እኔ ግን አሁንም እየሸፋፈንኩላቸው ነው።

መርካቶ ያደግሁ ሴት ነኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ከሀ ሁ በፊት ነው የቆጠርኩት። ገበያ ላይ ሰው ከሳቀልኝ የማየው ጥርሱን ሳይሆን እጁን ነው። እንደ ጋሽ ሃብቶም ያለ ተጠራጣሪ ግን ከመርካቶ እስከ ለንደን አላጋጠመኝም። እኔ የምጠረጥረው ሊወስድብኝ የመጣውን ነው፤ እሳቸው የሚጠረጥሩት ሊሰጣቸው የመጣውን ነበር።

አስመራ ተወልደው፣ እዚያው በአማርኛ ተምረው፣ በሱዳን በኩል ለንደን የገቡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የጃንሆይ ዘመን መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልጨመሩበትም። እኛ ሆስፒታል የምንለው ለእሳቸው ሐኪም ቤት ነው። እኛ ቼክ አድርግ ስንል እሳቸው «መርምር» ይላሉ። ጡረታ እስኪወጡ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተዋል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከገበያው ብዙ በማይርቅ የካውንስል፣ እንደኛ አገር የቀበሌ፣ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ያቺን አንዲት ክፍልና ኩሽና ከነፍሳቸው አስበልጠው ነው የሚወዷት። ሰናይት የለንደን ሌላ ጫፍ፣ ኤድመንተን ናት፣ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች።

ዓይናቸው እየሄደ መሆኑን ያወቅሁት በአሻንጉሊቴ ነው። መደቤ ፊት ለፊት የሐበሻ ቀሚስ የማለብሳት፣ የሰው ቁመት ያላት የማሳያ አሻንጉሊት አለችኝ። ጋሽ ሃብቶም ጠዋት ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እንደምን አደርሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው?» ይላሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» እላለሁ፤ ለእኔ መስሎኝ። አንድ ቀን ሻይ ልገዛ ሄጄ ስመለስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ከአሻንጉሊቷ ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

«ምን አስቀይሜሽ ነው ዛሬ የማትመልሺልኝ?» ይሏታል።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ አትናገርም» አልኳቸው።

ወደ ድምፄ ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የአሻንጉሊቷን ጉንጭ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ፕላስቲክ» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ የቤተሰቧን ደህንነት ስጠይቅ ዝም ብለሽ ታይኝ ነበር?»

«ኧረ እኔ እመልስልዎ ነበር።»

«በሷ ስም» አሉ፣ ባዘነ ድምፅ። «በሰው ስም መመለስ መልካም ነገር አይደለም።»

ያኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ አላስቀመጥኳቸውም። ብሌናቸው ላይ ነጭ ጭጋግ መተኛቱን ለማየት ሐኪም መሆን አያሻም፤ የዓይን ሞራ ነው። «ይታዩ ጋሼ፤ ነጻ ነው» ስላቸው እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። ልማዳቸው ነው። ነጻ የሚል ቃል ሲሰሙ፣ አጠገቡ ኪስ አውላቂ እንደቆመበት ሰው፣ ኪሳቸውን ይይዛሉ። በዚህ እንኳ አልፈርድባቸውም። እኔም «ሁለት ለገዛ አንዱ ነጻ» ብዬ የለጠፍኩ ቀን የነጻው ዋጋ የት እንደተደበቀ አውቃለሁ።

በርጩማዬ ላይ ተቀመጡና፣ «እስቲ አስረጂኝ» አሉ። «ይህ መንግሥት ለሽማግሌ የሚከፍለው ምኑን ምኑን ነው?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ጂፒ፣ የሰፈሩ ሐኪም ጋ፣ መታየት ለሁሉም ነጻ ነው። ሆስፒታል መተኛትም ቀዶ ጥገናም እዚህ ለሚኖር ሰው ነጻ ነው፤ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ አይለይም። ስድሳ ሲሞላ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነጻ ይሆናል፤ የዓይን ምርመራም እንዲሁ። መነጽሩና ጥርሱ ግን በዕድሜ ብቻ ነጻ አይሆኑም፤ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ካልሆነ ይከፍላል።

«ዓይኔን መመርመሩ ነጻ፣ መነጽሩ በገንዘብ?»

«አዎ።»

«ገባኝ» አሉ። «እነሱ እኔን የሚያዩበት ሁሉ ነጻ ነው። እኔ እነሱን የማይበት ግን በገንዘብ ነው።»

በሌላ በኩል ልዙር ብዬ፣ «ከደሞዝዎ ናሽናል ኢንሹራንስ ሲቆረጥ አልኖረም? እንደ እድር ያስቡት። ከፍለዋል፤ ድንኳኑ ሲመጣ ለምን መጣ አይባልም» አልኳቸው።

«እሺ። ያልከፈለስ አይታከምም ማለት ነው?»

«ይታከማል። በሕግ እዚህ መኖር ነው የሚጠይቀው።»

«መኖር ብቻ?» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ይህማ ከሁሉ የባሰ ነው።»

በስንት ልመና ዋናው መንገድ ላይ ያለ መነጽር ቤት ወሰድኳቸው። መርማሪዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ጥሩ ጠባይ ያላት። አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፋ በመብራት ዓይናቸውን ገባ ብላ አየች። የሁለቱም ሞራ ወፍሯል፣ ወደ ሆስፒታል እልካቸዋለሁ፣ ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው አለች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ቀና ስትል ፈገግ ብላ፣ «ለዕድሜዎ ግን በጣም ጥሩ ላይ ነዎት። እኔ ብጠየቅ ሰባ አምስት ነበር የምለው» አለቻቸው።

ጋሽ ሃብቶም አገጫቸውን ከመሣሪያው አነሱ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። አመስግነው ወጡ። ስደርስባቸው ሼፈርድስ ቡሽ መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ሰማሻት? ሰባ አምስት አለች።»

«ስላማረብዎ ነዋ።»

«አያቴ በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። የበቅሎ ዕድሜ ባለቤቱ ምን ቢምል ጥርሷ ላይ ነው። የሰው ደግሞ ዓይኑ ውስጥ ነው። ልጅቷ መብራት አብርታ አነበበችኝ። ልክ አገኘችው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰማንያ ሦስትዎ አይደለም እንዴ?»

ዙሪያውን ለማየት ሞከሩ፤ ማየት ስላልቻሉ እኔን «ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም ስላቸው ነገሩኝ።

ለንደን የገቡ ሰሞን ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው በአስተርጓሚ ተጠየቁ። መቼ ተወለዱ? «በሠላሳ ስምንት፣ በኅዳር» አሉ፤ ያው በእኛ አቆጣጠር። ኅዳርን ማን እንደበላት አይታወቅም፤ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ አንድ ሆነች፣ የስደተኛ ሁሉ የጋራ ልደት። ሠላሳ ስምንት ግን እንዳለች ገባች። እንግሊዝ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ሲባል የራሱን ሠላሳ ስምንት ነው የሚያውቀው። ሰውዬው እዚያው ጠረጴዛ ፊት እንደተቀመጡ ስምንት ዓመት አረጁ።

ያኔ ልብ አላሉትም። ያወቁት የሆቴሉ ሠራተኞች ስድሳ የሚል ቁጥር የተጻፈበት ኬክ ይዘው ሲመጡ ነው። እሳቸው ገና ሃምሳ ሁለታቸው ነበር።

«ስህተት ነው አይሉም ነበር?»

«ሰው አጨብጭቦ ቆሟል። ሻማ በርቷል። ቆረስኩ፣ በላሁ። የበላ ሰው ምን ብሎ ይክዳል?»

ሃክኒ የሚኖር፣ ሕግ አውቃለሁ የሚል አንድ የአገር ሰው አማከሩ። እሱም፣ «አንዷን ዓመት ከነካህ ፋይሉ በሙሉ ይከፈታል። በዚህ ከዋሸህ በሌላው ምን ዋሽተሃል ይሉሃል» አላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ነጻው መድኃኒት መጣ፣ የነጻው አውቶቡስ ካርድ መጣ፣ ጡረታው ያለ ጊዜው መጣ። በመጣ ቁጥር እንቅልፋቸው ሄደ።

«ስምንት ዓመት የሰው እርጅና በላሁ» አሉኝ። «አሁን ሐኪም ቤት ገብቼ ዓይኔን ከከፈቱት ያገኙታል።»

የእንግሊዝ ሰው ዕድሜን በቅናሽ መናገሩ ጨዋነት እንደሆነ አስረዳኋቸው። «እኔም ለደንበኛ ይሄ ቀሚስ አሥር ዓመት ቀነሰልሽ እላለሁ» አልኳቸው።

«አንቺ ልትሸጪ ነው። እሷ ምን ልትሸጥልኝ ብላ ቀነሰችልኝ?»

ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ጥሪ ሲመጣ ታምሜያለሁ ብለው አስተላለፉት። ሆስፒታል ላለመሄድ ታምሜያለሁ ያለ ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ለአረጋውያን ምክር የሚሰጥ ሰው በገበያው አካባቢ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሄጄ ጠየቅሁት። «የጎረቤቴ ጉዳይ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ሰውዬው ሳቀ፤ እዚያ የሚመጣ ሁሉ የጎረቤቱን ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው መሰለኝ። ሕክምናው ከዕድሜ ጋር አይገናኝም፣ ሞራ ያለበት ይታከማል፣ የትውልድ ቀን ስህተት ደግሞ ማስረጃ ካለ ማስተካከል ይሞከራል፤ ጡረታውን በሚመለከት ግን ስም ሳይጠራ አጠቃላይ ተስፋ መስጠት አልችልም አለኝ። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ።

ጋሽ ሃብቶም አዳመጡኝና፣ «ስሜን ነገርሽው?» አሉ።

«አልነገርኩትም።»

«የማን ጉዳይ ነው አልሽው?»

«የጎረቤቴ።»

«ሐበሻ ጎረቤትሽ ማን ነው?»

«እርስዎ።»

ከበርጩማው ተነሡ። ሰንበት አልፎ ሰንበት እስኪተካ በመደቤ በኩል አላለፉም። በሌላው በር በኩል ሲዞሩ አየኋቸው፤ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ። ተናደድኩ፤ ደግሞም ጠረጠርኩ። ሰውዬው የፈሩት ቢላውን ይሆን? ዕድሜው ሰበብ ቢሆንስ? ይህን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ከልቤ አላወጣሁትም።

ነገሩን የቆረጠው ማንቆርቆሪያ ነው። ሻይ ሊቀዱ ፈልገው የፈላውን ውሃ በብርጭቆው ፋንታ በእጃቸው ላይ ቀዱት። እሑድ ሰናይት መጥታ ፋሻውን አየች። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ በርበሬ ላደርስላቸው ሄጄ።

«አባዬ፣ ይሄ ሴፍ አይደለም» አለች። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሌሊት ነገር ቢፈጠር ማን ያይሃል? ካውንስሉ አሰስመንት ያድርግልህና ኬር ሆም እንይ፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት።»

«ነጻ ነው?» አሉ። ኪሳቸውን ሳይይዙ ይህን ቃል ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ነው።

«ሆስፒታል ነው እንጂ ነጻው ኬር ሆም አይደለም። ያለህን ሁሉ ቼክ ያደርጋሉ፤ ገቢህን፣ ባንክህን፣ ፔንሽንህን ከመቼ ጀምሮ እንደምታገኝ። ከዚያ ነው ስንት እንደምትከፍል የሚወስኑት።»

ጋሽ ሃብቶም ፋሻ ያለበትን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ክፍሏን አዩ፣ ወይም ክፍሏ ወዳለችበት ተመለከቱ። ልጅቱ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ዓይናቸው ከሄደ ቤታቸውም ይሄዳል፤ ቤታቸው ሲሄድ ደግሞ ጡረታ ከመቼ ጀምሮ የሚል ጥያቄ ይመጣል።

በማግስቱ ጠዋት መደቤ ጋ መጡ። አሻንጉሊቷን ሰላም አላሏትም። «ውሰጂኝ» አሉኝ። «ሐኪም ቤቱ ዓይኔን ብቻ ነው የሚያየው። ያኛው ቤት ሁሉን ነው የሚያይ።»

የቀዶ ጥገናው ቀን ሱፍ ለብሰው መጡ። ከሁለት ቀን በፊት ንስሐ ገብተዋል። «ምን ብለው ተናዘዙ?» ብላቸው፣ «እሱን ለቄሱም በግማሽ ነው የነገርኩት» አሉ።

እንግዲህ እዚህ አገር ሆስፒታል የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየበሩ የትውልድ ቀንህን ይጠይቁሃል። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ጠየቀች። አንጓቸው ላይ መለያ ያሰረችው ልጅ ጠየቀች። ጠብታ የሚጨምርላቸው ልጅ ጠየቀ። ጋሽ ሃብቶም በየጊዜው «ጃንዋሪ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት» ይላሉ፤ በየጊዜው ድምፃቸው ይቀንሳል።

«ሙሉ» አሉኝ ዝቅ ብለው። «አንድን ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቅ መርማሪ ነው። ደርግ ቤት አይቼዋለሁ። እስክትሳሳቺ ነው የሚጠብቁት።»

ከዚያ ሐኪሙ መጥቶ ከቀኝ ዓይናቸው በላይ ግንባራቸው ላይ በብዕር ቀስት ሳለ። የሚሠራው ዓይን እንዳይሳሳት ነው። እሳቸው ግን፣ «ምልክት አደረጉብኝ። ለእርድ የተለየ በሬ አየሽ?» አሉ።

መጨረሻ ላይ፣ በሩ ጋ፣ በዕድሜ የገፋች ከካሪቢያን የመጣች ነርስ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ዳርሊንግ፣ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን?»

ስማቸውን ተናገሩ። በሩ በከፊል ተከፍቶ በውስጡ ነጭ መብራት ይታያል። ጋሽ ሃብቶም በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ናይንቲን ፎርቲ ፋይቭ። ኖቬምበር» አሉ።

ነርሷ አንጓቸው ላይ ያለውን አየች። ወረቀቷን አየች። ፈገግታዋ ቀረ። «ካልተመሳሰለ ላስገባቸው አልችልም» አለችኝ። «ሰው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ዛሬ አይደርስም፤ እንደገና ወረፋ ነው።»

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው በአማርኛ።

«ቢላ ፊት አይዋሽም» አሉ። «ከሞትኩ በሰው ዓመት አልሞትም።»

ውሸት ብናገር ተይዘናል። እውነቱን ብናገር ደግሞ የተቀበረው ሁሉ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ነጋዴ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ዕቃውን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የእኛ አገር አቆጣጠር ከእናንተ ስምንት ዓመት ግድም ወደ ኋላ ነው አልኳት። በእኛ ሠላሳ ስምንት ነው የተወለዱት፤ በእናንተ አርባ አምስት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የገባው የእኛው ነው። አንድ ሰው ናቸው።

ነርሷ አየችን። ከዚያ ትከሻዋ እስኪነቀነቅ ሳቀች።

«የኔ እናት የተወለደችው ጎርፉ የመጣ ዓመት ነው» አለች። «የትኛው ጎርፍ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ንገሪያቸው፤ እኔ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም። የመጡት እሳቸው መሆናቸውን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። አንጓቸው ላይ ያለው የሳቸው ነው ወይስ አይደለም?»

ተረጎምኩላቸው።

«ታዲያ ለምንድነው አራቱም የጠየቁኝ?»

«ሌላ ሰው በእርስዎ ቦታ እንዳይገባ።»

«ማነው ጤነኛ ሰው በኔ ስም ዓይኑን ሊያስቀድድ የሚመጣ?»

«ጋሼ።»

አንጓቸውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «የኔ ነው» አሉ በአማርኛ። በእንግሊዝኛም ደገሙት። «ጃንዋሪ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት። ማይን።» ነርሷ በክንዳቸው ይዛ አስገባቻቸው።

ብዙ አልቆዩም። ዓይናቸው ላይ ክዳን ተደርጎባቸው ሲወጡ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ሴትዮዋ ጽፋዋለች?» ነበር።

«ምኑን?»

«አርባ አምስትን።»

«አልጻፈችም። እያየሁ ነበር።»

«ብልጥ ናት» አሉ። «በቃሏ ይዛዋለች።»

ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ጠዋት ገበያው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለሰላምታ ሳይሆን ለማየት። አሻንጉሊቷን ዙሪያዋን ዞሯት። አንድ ጣቷ ተሰብሮ በፕላስተር ያሰርኩትን ሳይቀር አዩ። «ስንት ዓመት ቤተሰቧን የጠየቅሁት ይህቺን ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በደንብ አዩኝ። «አንቺ ደግሞ አርጅተሻል፣ ሙሉ።»

«ለእኔ ቅናሽ የለም ጋሼ?»

«እኔ ምንም አልሸጥም።»

በሚቀጥለው እሑድ እኔና ሰናይት እቤታቸው ሳለን ሻይ ቀዱልን። ሦስት ብርጭቆ፣ እስከ አፉ፣ ጠረጴዛውን ጠብታ ሳይነካው። ልጅቱ ብርጭቆውን አየች፣ አባቷን አየች፤ ኬር ሆም የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን በኋላ አላነሳችውም።

ለግራዋ ዓይን ሆስፒታሉ ሲደውል ግን እንቢ አሉ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ያኔ ነው የመለሱልኝ፤ «አንዷ ለማየት ትበቃኛለች። አንዷ ለምስክር ትቅር። አንድ ቀን መጥተው ሰማንያ ምናምን ዓመት የታለ ቢሉኝ የማሳየው ያስፈልገኛል።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሃብቶምን ያየ ሁሉ ያቺን ልማዳቸውን ያስታውሳል። ከእኔ ጋር ሲሆኑ በቀኙ ነው የሚያዩኝ፤ የምትስቀው ዓይን እሷ ናት። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የካውንስል ሰው ሲመጣ ግን አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዞሩና የግራ ጉንጫቸውን ይሰጡታል። ነጯን ዓይን። ሰዎቹ ጆሯቸው የማይሰማ እየመሰላቸው ይጮኹባቸው ነበር። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፤ የባሰ ያረጁ ያስመስላቸዋላ።

በዚያች አንድ ዓይን እስከ መጨረሻው ቤታቸው ኖሩ። ሰናይት እሑድ ስትመጣ በራሳቸው አልጋ ላይ፣ በራሳቸው ክፍል አገኘቻቸው። ብርጭቆው ታጥቦ ተደፍቶ ነበር።

ሰናይት የደወለችልኝ ዕለት መደቤን ዘግቼ እዚያው ክፍል ደረስኩ። ሰናይት ማንቆርቆሪያው አጠገብ ቆማ፣ «በእውነቱ እናስጽፈው እትዬ ሙሉ። አሁን ማን ምን ያደርጋቸዋል?» አለች። ምስጢሩን ለእሷ የነገሯት ዘግይተው ነው፤ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ሰዎቹ ዕድሜ ፈለጉ ብትያቸው ምን ይሉሽ ነበር?»

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «‘ለምን ፈለጉት?’»

ሳጥኑ ላይ ስማቸው ብቻ ተጻፈ።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለፍትሐቱ የመጡት ቄስ አዲስ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ሃብቶምን አያውቋቸውም። ወደ እኔ መጡና፣ «የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉኝ።

«ወልደ ሚካኤል።»

«ወልደ ሚካኤል» ብለው ደገሙና ሄዱ። ሌላ ይጠይቁኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልጠየቁም።

ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ለስንብት ተጠጋን። ሱፋቸውን ለብሰዋል። ሁለቱም ዓይን ተከድኗል፤ የምታየው የቷ፣ የምስክሯ የቷ እንደሆነች የሚያውቅ ካላወቀ አይለይም። ጭንቅላታቸው ግን ትራሱ ላይ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ፣ የግራ ጉንጫቸው ወደ ላይ ሆኗል። አዘጋጆቹ ሲያንቀሳቅሷቸው ይሆናል።

ሰናይት ልታቃናቸው እጇን ሰደደች። ያዝኳት።

«ተዪው» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እዚያም መጠየቃቸው አይቀርም።»